የጠፈር ኬክ በቅቤ ክሬም፦ ጥቁሩ አመድ፣ ሰማያዊው አረንጓዴ እንዳይሆን

ትኩስ_ፎርኖ (ክሩን የከፈተች) · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለቅዳሜ ከሰዓት የሚደርስ የልደት ቶርታ አለ፤ ጭብጡ ጠፈር። ጎኑ በሙሉ የሌሊት ሰማይ፣ አናቱ ላይ ፕላኔቶች። ፎንዳንት (የስኳር ሊጥ) አይፈለግም፣ ሁሉም በቅቤ ክሬም ይሠራ ተብሏል። ዕቅዱን ላስቀምጥና የላላውን አጥብቁልኝ።

ኬኩ ክብ ነው፤ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 12፣ ሦስት ንብርብር። ለክሬሙ 500 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 900 ግራም የተነፋ ዱቄት ስኳር፣ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ይህ ሁሉ ሲመታ 1 ኪሎ ተኩል ግድም ይመጣል።

ክፍፍሉ እንዲህ ነው፦ ለንብርብሩ መሃል 500 ግራም ነጭ፣ ፍርፋሪ ለሚይዘው የመጀመሪያ ስስ ቅብ 200 ግራም ነጭ። የቀረው 750 ግራም ቀለም ይገባበታል፦ ጥቁር 300፣ ጥልቅ ሰማያዊ 200፣ ሐምራዊ 120፣ ሮዝ 60፣ ቱርኩዋዝ 40፣ ነጭ 30።

በሙከራ ሳህን ላይ ሁለት ነገር እምቢ ብሏል። ጥቁሩ ብዙ ጄል (የምግብ ቀለም) ገብቶበት እንኳ አመድ ይመስላል። ሰማያዊው ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሦስተኛው ጥያቄ፦ ቀለሞቹ ጎን ለጎን ተለጥፈው በስክራፐር (ክሬም ማስተካከያው ጠፍጣፋ ስለት) ሲጠረጉ የት ላይ ነው የሚቆመው?

---

የቅቤ_እጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:02

ክፍፍልሽ ጥሩ ነው፤ ጥቁሩን ከሁሉ ማብዛትሽም ልክ ነው። ጨለማው ካልበዛ ኮከብ አይታይም።

ነጭ ክሬም ላይ ጥቁር ጄል እየደራረቡ ጥቁር ላይ መድረስ ይቻላል፤ ግን ምላስ ላይ የሚመር፣ ጥርስ ላይ የሚቀር ጥቁር ነው የሚሆነው። መነሻሽ ነጭ ሳይሆን ቡኒ ይሁን። ለ300 ግራሙ 40 ግራም ጠቆር ያለ ካካዎ ነፍተሽ ጨምሪ። ካካዎ ክሬሙን ስለሚያደርቀው ከ2 እስከ 3 የሻይ ማንኪያ ወተት አስከትዪ። ጥቁር ቡኒ ከሆነ በኋላ ነው ጄሉ የሚገባው፤ ያኔ 1 የሻይ ማንኪያ ግድም ይበቃዋል።

አመድ የሚመስልበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። የገበታ ቅቤ ከመቶው 80 እጁ ስብ ነው፤ ውሃው ከ16 እስከ 18 እጅ ብቻ። ጄል የሚሟሟው በውሃ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ የሚገባው በስቡ መሃል በተበተኑት ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ውስጥ ብቻ ነው። ስቡና ሲመታ የገባው አየር ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። ዓይንሽ የሚያየው የሁለቱን ድምር ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ አንዱ ጊዜ፣ ሌላው ሙቀት። ለጊዜው፣ ሐሙስ ማታ ቀለሙን አስገቢና ላስቲኩ ክሬሙን እስኪነካ ሸፍነሽ አሳድሪው። በማግስቱ አንድ ሁለት ደረጃ ጠቁሮ ታገኚዋለሽ፤ ለዚህም ነው ሐሙስ ማታ የምትፈልጊው ላይ ሳይደርስ ማቆም ያለብሽ። ለሙቀቱ ደግሞ ከ300ው ግራም 100ውን ለዪና ማይክሮዌቭ ውስጥ 10 ሰከንድ አቆዪው፤ አማስለሽ ካስፈለገ 5 ሰከንድ ጨምሪ። ጠርዙ ቀልጦ መሃሉ ገና ያልቀለጠ ሲሆን ጄሉን እዚያ ላይ ቀላቅይና ወደ ትልቁ መልሺው። ማይክሮዌቭ ከሌለ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ላይ ማስቀመጥ ያው ነው። ሙሉውን ግን እንዳታቀልጪው፤ አየሩ ይወጣና ዳግም ቢመታም አይቆምም።

በመጨረሻ የእጅ ብሌንደር ካለሽ ጭንቅላቱን ክሬሙ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ አስጥመሽ 30 ሰከንድ አዙሪው። ትልልቆቹን የአየር አረፋዎች ያወጣቸዋል፤ ጥቁሩ ዓይንሽ እያየ ይጠልቃል።

---

ሰማያዊ_ሳህን · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:40

ለሰማያዊው እኔ ልመልስ። ቢጫ ቅቤ ላይ ሰማያዊ ሲገባ አረንጓዴ መሆኑ የግድ ነው። ቢጫው ላሟ ከበላችው ሣር የመጣ ካሮቲን ነው፤ ሣር በሚለመልምበት ወቅት የተናጠ ቅቤ ይበልጥ ይቢጫል።

መጀመሪያ ቅቤውን ብቻውን ምቺው። ስኳር ከመግባቱ በፊት፣ በመካከለኛ ፍጥነት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ በየ3 ደቂቃው ጎኑን እየጠረግሽ። የቅቤው ሙቀት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ ጣት ሲጫነው ይጎደጉዳል እንጂ አይንሸራተትም። ብዙ ሰው 2 ደቂቃ መትቶ ያቆማል፤ ቢጫው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያም የቀረውን ቢጫ በሐምራዊ ጄል ግደዪው። ለ750 ግራሙ የአንድ ስቴኪኒ ጫፍ ነክቶ የያዘው ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። ሐምራዊ የቢጫ ተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ከበዛ ግን ክሬሙ አመድማ ይሆናል፤ ያኔ መመለሻ የለውም።

ለ200 ግራም ጥልቅ ሰማያዊ መጠኑ ይኸው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደማቅ ሰማያዊ ጄል፣ ሁለት የስቴኪኒ ጫፍ ጥቁር፣ አንድ የስቴኪኒ ጫፍ ሐምራዊ። በየጊዜው አዲስ ስቴኪኒ ተጠቀሚ፤ ክሬም የነካው ተመልሶ ጄሉ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ጄሉ ይበላሻል።

የገበታ ቅቤው ውድ ነው ብለው ለጋ ቅቤ ለመተካት የሚያስቡ ካሉ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአሬራውና የውሃው መጠን ከአንዱ ቅል ወደ ሌላው ይለያያል፣ ክሬሙ ይቆራረጣል፣ ሽታውም ቫኒላውን ይውጠዋል።

---

መዞሪያ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:25

መቼ ይቆማል ላልሽው፦ ሦስት ዙር። ከሦስት በኋላ ሰማይ አይደለም፣ ጭቃ ነው። በዚህ ነገር ላይ ድርድር የለኝም።

ግን ሦስቱ ዙር እንዲበቃ ከስክራፐሩ በፊት ያለው ሥራ መስተካከል አለበት። ስስ ቅቡን የተቀባው ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ በጣት ሲነካ ምንም የማይለቅ ይሁን። ቀለም የገባበት ክሬም በተቃራኒው ለስላሳ መሆን አለበት፤ ከስፓቱላ ላይ ሲንጠለጠል ጫፉ በቀስታ የሚታጠፍ። ደረቅ ከሆነ የታችኛውን ቅብ ይዞ ይነሳል፣ ፍርፋሪ ሰማዩ ላይ ይወጣል።

አለጣጠፉ በትንሽ ስፓቱላ ነው፤ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ፣ ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር። ጥቁሩን ከታች ዙሪያውንና ከላይ ከንፈሩ ላይ አብዢው። ከዚያ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ በሰያፍ የሚሄድ መንገድ ክፍት ተዪ፤ ፍኖተ ሐሊብ እዚያ ነው የሚያልፈው። በመንገዱ ዳርና ዳር ሰማያዊ፣ ወደ ውስጥ ሐምራዊ፣ መሃሉ ላይ ሮዝና ቱርኩዋዝ በትንንሹ፣ ነጩ ደግሞ በሦስት አራት ቦታ ብቻ። አንድ ቀለም በእኩል ርቀት ከተደጋገመ የአልጋ ልብስ ጥለት ይመስላል። በአንዱ ጎን ይብዛ፣ በሌላው ይጥፋ።

ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥም አስቢበት። ሰማያዊ ከሐምራዊ፣ ሐምራዊ ከሮዝ ቢነካኩ የሚወልዱት ቀለም ያምራል። ብርቱካንማ ከሰማያዊ፣ ቢጫ ከሐምራዊ ከተገናኙ ግን ልጃቸው ቡኒ ነው። ስለዚህ ብርቱካንማና ቢጫ ለፕላኔቶቹ ብቻ ይቀመጡ፣ ግድግዳው ላይ አይውጡ።

ስክራፐሩን ቀጥ አድርገሽ ታችኛው ጫፉን ኬኩ የተቀመጠበት ሰሌዳ ላይ አሳርፊ፤ ስለቱ ከኬኩ ጎን ጋር 30 ዲግሪ ግድም ይክፈት። እጅሽን አታንቀሳቅሺ፣ የሚዞረውን የኬክ ማቆሚያ አዙሪ። ሙሉ ዙር ሳያልቅ አታንሺ፤ ሲያልቅ ስክራፐሩን ጥርግ አድርጊ። ያልተጠረገ ስክራፐር ጥቁሩን ተሸክሞ ሮዙ ላይ ያራግፈዋል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጉድጓዶቹን በየራሳቸው ቀለም ሙዪና 10 ደቂቃ አቀዝቅዢ፤ ሦስተኛው ዙር በሙቅ ውሃ ተነክሮ በደረቀ ስክራፐር ይሁን።

---

ትኩስ_ፎርኖ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅቤው 10 ደቂቃ ሲመታ የተለየ ነገር ነው የሆነው። የሁለቱ ሳህን ልዩነት ቡና ቤት ቁጭ ብሎ እንኳ ይታያል።

አሁን ወደ ኮከቦቹ። ነጭ ጄል በውሃ ቀጥኖ ሲረጭ ጠብታዎቹ ክሬሙ ላይ እየተንኳለሉ ወደ ታች ይወርዳሉ።

---

የቅቤ_እጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

ውሃና ስብ ናቸው፣ አይያያዙም። ውሃውን በቮድካ ቀይሪው፤ አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ነጩ ሳይንሸራተት ይደርቃል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ ጄል ላይ 5 ወይም 6 ጠብታ። ውፍረቱ እንደ እርጎ አናት ይሁን፤ እንደ ወተት ከሆነ ቀጥኗል። አልኮል በማይገባበት ቤት አልኮል አልባ ጄሉን ሳታቀጥኚ በደረቅ ብሩሽ መንካት ይሻላል።

አዲስ የጥርስ ብሩሽ፣ ጠንካራ ጸጉር ያለው። ጫፉን ብቻ ንከሪ፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ በአውራ ጣት አስፈንጥሪ፤ ትልልቆቹ ጠብታዎች እዚያ ይውጡ። ከዚያ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀሽ ወደ ኬኩ። ቀረብ ካልሽ ኮከቡ ይተልቃል፣ ራቅ ካልሽ ይደቃል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በፍኖተ ሐሊብ መንገድ ላይ ደቃቁን አብዢ፣ ጥቁሩ ላይ አሳሺ። አምስት ስድስት ትልልቅ ኮከቦች በስቴኪኒ ጫፍ አንድ በአንድ ይነኩ።

ኬኩ ከፍሪጅ በወጣ ጊዜ አላበው ከሆነ አትርጪ። ላቡ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ወይም እንደወጣ በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ጨርሺ።

---

ባሕር_ማዶ_ኬክ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

አውሮፓ ላለን አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ የምግብ ቀለም ድሮ ነጭነቱን የሚያገኘው ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነበር፤ መለያው ኢ171። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. ከምግብ ውስጥ ከልክሎታል። አሁን እዚህ የሚሸጡት ነጮች በካልሲየም ካርቦኔት ወይም በሩዝ ስታርች የተሠሩ ናቸው፤ መሸፈኛ ጉልበታቸው ደካማ ነው። በጥቁር ላይ ሲረጩ ሲደርቁ ይጠፋሉ። ያለው አማራጭ ሁለቴ መርጨት ነው፤ በመሃል 15 ደቂቃ ማድረቅ። ወይም ትልልቆቹን ኮከቦች በነጭ ክሬም፣ በጣም ጠባብ በሆነ የክሬም አፍንጫ ነጥብ ነጥብ ማድረግ። ከአሜሪካ የመጣ አሠራር ተከትላችሁ አልሆነም የምትሉ ሰዎች፣ እጃችሁ አይደለም፣ ቀለሙ ነው።

---

ኮከብ_ቆጣሪ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

ስለ ፕላኔቶቹ ማንም አልነካም፤ እኔ የማውቀው እዚያ ላይ ስለሆነ ልግባ።

ቁጥራቸው ስምንት ነው። ፕሉቶ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ድንክ ፕላኔት ተብሏል፤ ልጁ ይቁጠርልኝ ካለ ግን ለብቻው አንድ የስኳር እንክብል ጫፍ ላይ አስቀምጪለት።

መጠናቸውን ማመጣጠን ከፈለግሽ፣ ጁፒተር የመሬትን 11 እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ሳተርን 9 ተኩል ግድም፤ ዩራነስ 4፤ ኔፕቱን ከ4 ትንሽ ያንሳል፤ ቬነስ መሬትን ታክላለች፤ ማርስ ግማሽ፤ ሜርኩሪ ከ10 እጅ 4 ግድም። አሁን ወደ ኬኩ እናምጣው። መሬትን 1 ሴንቲ ሜትር ብናደርጋት ጁፒተር 11 ይሆናል፤ ያን የሚያህል የኬክ ኳስ ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል፣ ቶርታው ውስጥ ይሰምጣል። በግማሹ ሥሪው፦ ጁፒተር 5.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሳተርን 4.7፣ ዩራነስና ኔፕቱን እያንዳንዳቸው 2፣ መሬትና ቬነስ 5 ሚሊ ሜትር፣ ማርስ 3 ሚሊ ሜትር ግድም፣ ሜርኩሪ 2። አራቱ ትንንሾች የስኳር እንክብል ናቸው ማለት ነው፤ አራቱን ትልልቆች ብቻ ነው የምትጋግሪው። ሥራው በግማሽ ይቀንሳል፣ ልኩም እውነት ይሆናል።

ቀለማቸው ላይ አንድ ማስተካከያ። ኔፕቱንን እንደ ቀለም ብልቃጥ ሰማያዊ አድርገው የሚሠሩት ቮዬጀር 2 የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ1989 እ.ኤ.አ. ካነሳቸው ፎቶዎች የተነሳ ነው። እነዚያ ፎቶዎች ደመናው ጎልቶ እንዲታይ ቀለማቸው ተጠናክሮ ነበር። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትክክለኛውን ቀለም አስልተው አውጥተዋል፤ ኔፕቱንና ዩራነስ ሁለቱም ፈዛዛ አረንጓዴ ሰማያዊ ናቸው፣ ኔፕቱን በጥቂቱ ብቻ ይሰማያዋል። ስለዚህ ከአንድ ሳህን ቱርኩዋዝ ሁለቱንም ቅቢ፤ ለኔፕቱን አንድ የስቴኪኒ ጫፍ ሰማያዊ መጨመር ይበቃል። ለዩራነስና ለኔፕቱን አዲስ ቀለም መበጥበጥ የለም።

የጁፒተር ትልቁ ቀይ ነጥብ ከወገቡ በታች፣ በደቡብ በኩል ነው። ከላይ ካደረግሽው የገለበጥሽው ይመስላል።

---

መዞሪያ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:45

ኮከብ_ቆጣሪ፣ ወንድሜ፣ ይህ የእንክብሉ ሐሳብ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኳሶቹን ለመሥራት፦ 200 ግራም የኬክ ፍርፋሪ (ቶርታውን ስታስተካክዪ ከአናቱ የምትቆርጪው ይበቃል) ከ40 እስከ 50 ግራም ነጭ ክሬም። በእጅ ጨብጠሽ ስትለቂው የማይፈርስ፣ ግን እጅ ላይ የማይለጠፍ። ክሬም ከበዛ ኳሱ ሲቆም ይጠፈጠፋል። ጠቅልለሽ 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከዚያ በስስ ነጭ ክሬም አንዴ፣ ዳግም 20 ደቂቃ ፍሪጅ።

ለጁፒተር ኳሱን ጠንከር ባለ ዘንግ ላይ ሰክተሽ ያዢ። ክሬማማ ነጭ፣ ፈዛዛ ቡኒና ብርቱካንማ ክሬም በሦስት ከረጢት ሆኖ ቀለበት ቀለበት እየሆነ በዙሪያው ይውጣ፤ ቀለበቶቹ እኩል አይሁኑ። ከዚያ አንድ እጅ ዘንጉን ያሽከርክር፣ ሌላው ሁለት ጣት ስፋት ያለው ለስላሳ የላስቲክ ቁራጭ አጉብጦ ይያዝ። አንድ ዙር ብቻ። ቀዩን ነጥብ መጨረሻ ላይ በስቴኪኒ። ለማርስ እንክብል የምትቀቢው ቀይ ክሬም ላይ ካካዎ ጣል አድርጊበት፤ ንጹህ ቀይ ማርስ ቲማቲም ነው የሚመስለው።

የሳተርን ቀለበት ብዙ ሰው የሚሰበርበት ነው። ከክሬም አይሠራም፣ ይወድቃል። ነጭ ቸኮላት አቅልጠሽ መጋገሪያ ወረቀት ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አፍስሺ። ለ4.7 ሴንቲ ሜትር ኳስ የውጭ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል፤ እውነተኛው ቀለበት የፕላኔቱን ሁለት እጥፍ ከሩብ ያህል ይሰፋልና። ኳሱን መሃል ለመሃል ቁረጪ፣ ቀለበቱን እንደ ሳንድዊች በሁለቱ መካከል አስገቢ፣ በክሬም አጣብቂ። ኳሱን ቀብተሽ ካለቀ በኋላ ቀለበት ለማጥለቅ መሞከር ሁለቱንም ያበላሻል። ቸኮላቱን ማቅለም ከፈለግሽ ዘይት መር ቀለም ብቻ፤ ጄል ውስጥ ያለው ውሃ ቸኮላቱን ወዲያው ጓል ያደርገዋል።

ኳሶቹ ቶርታው ላይ የሚቆሙት በወፍራም የወረቀት ስትሮ ይሁን፤ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ኬኩ ይግባ። ስቴኪኒ በልጆች ኬክ ውስጥ ተደብቆ መቅረት የለበትም። ለትንንሾቹ ምንም አያስፈልግም፣ ክሬሙ ራሱ ይይዛቸዋል።

---

የጾም_ማዕድ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:20

ይቅርታ ክሩን ልቆርጥ። ይህንኑ ለዓርብ የምትሠሩ ብትኖሩ፣ በጾም ቀለሙ ከቅቤው ይልቅ ይቀላል። ነጩ የአትክልት ቅቤ ቢጫ የለበትም፤ ሰማያዊው ከመጀመሪያው ሰማያዊ ነው፣ 10 ደቂቃ መምታትም ሐምራዊ ጠብታም አያስፈልገው። 250 ግራም የአትክልት ቅቤ፣ 500 ግራም ዱቄት ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ወተት ወይም ውሃ።

ችግሩ ሌላ ነው፦ የአትክልት ቅቤ ጭራሽ ውሃ የለውም። ጄሉ መግቢያ አጥቶ እንደ በርበሬ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ጄሉን መጀመሪያ በ1 የሻይ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡት፣ ከዚያ ጨምሩ።

መለያ ማንበብ አትርሱ። ማርጋሪን ከሆነ አንዳንዱ የወተት ውሃ ወይም የወተት ዱቄት አለበት። ቀይ፣ ሮዝና ሐምራዊ ጄል ላይ ደግሞ ኢ120 ወይም ካርሚን የሚል ካለ፣ ከነፍሳት የተወሰደ ቀለም ነው።

---

ሪያድ_ጓዳ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

ከሙቀት አገር አንድ ሁለት ነገር። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እዚህ በበጋ በር ከተከፈተ ያን ያልፋል። ግማሹን ቅቤ በአትክልት ቅቤ እንተካለን፤ ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሰማዩ ግን አይወርድም። መኪና ውስጥ ኬኩ የሚቀመጠው ከፊት ወንበር ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ቅዝቃዜው በርቶ። የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ፈጽሞ። ወንበር ላይም አይሁን፣ ወንበር ያዘመመ ነው።

ለአዲስ አበባም የሚሆን ደግሞ፦ ሮዝና ሐምራዊ ብርሃን ይፈራሉ። ሐምራዊው ውስጥ ያለው ቀይ ቀድሞ ይለቅና ሰማያዊ ብቻ ይቀራል። ከመስኮት ይራቅ፣ በካርቶን ሳጥን ተከድኖ ይቆይ።

---

ሰማያዊ_ሳህን · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:55

ለአዲስ አበባ ሰዎች ስለ ኬኩ ራሱም ጥቂት። ከተማችን 2,350 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ አሠራር እንዳለ ከተወሰደ ኬኩ ቶሎ ይነፋል፣ ከዚያ መሃሉ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ጨምሩ፣ ምድጃውን በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። ፕላኔት የሚሸከም ኬክ ደልዳላ መሆን አለበት፤ ስፖንጅ ሳይሆን በቅቤ የተሠራውን ምረጡ።

ክሬሙን በትኩስ ሽሮፕና በእንቁላል ነጭ የምትሠሩ ካላችሁ፣ መጽሐፉ ሽሮፑን 118 ዲግሪ አድርሱ ካለ እዚህ 110 ላይ አቁሙ። 118 ከጠበቃችሁ ውሃው ከልክ በላይ ተንኖ ሽሮፑ ገመድ ይሆናል።

---

ባሕር_ማዶ_ኬክ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:40

ብልጭልጭ ዱቄት ለመነስነስ የምታስቡ፣ እባካችሁ ዕቃው ላይ ያለውን አንብቡ። «መርዛማ ያልሆነ» ማለት «የሚበላ» ማለት አይደለም። የሚበላው የንጥረ ነገር ዝርዝር ተጽፎበታል፤ ዝርዝር የሌለው ለጌጥ ብቻ የተሠራ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ 6 ልጆች ወርቃማ ሮዝ ዱቄት የተቀባ የልደት ኬክ በልተው አስታውከዋል፤ ዱቄቱ ውስጥ የተገኘው መዳብ ነበር። ለጠፈር ኬክ ብልጭታ የግድ ካስፈለገ ጥቂት ስኳር በእጅ ደቅቆ ጥቁሩ ላይ ቢነሰነስ በመብራት ያበራል።

---

ትኩስ_ፎርኖ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12:30

የተስተካከለው ዕቅድ ይህ ነው። ዛሬ ማታ፦ ኬኩ ይጋገራል፣ ክሬሙ ይመታል፣ አምስቱም ቀለም ገብቶ ተሸፍኖ ያድራል፤ የሳተርን ቀለበትም ይፈሳል። ዓርብ ጠዋት፦ ኬኩ ይስተካከላል፣ ይሞላል፣ ስስ ቅቡ ይቀባል፣ ኳሶቹ ይጠቀለላሉ። ዓርብ ከሰዓት፦ ግድግዳው፣ ሦስት ዙር። ዓርብ ማታ፦ ኮከቦቹ። ቅዳሜ ጠዋት ፕላኔቶቹ ይሰካሉ።

በሰሌዳው ጠርዝ ላይ በነጭ ክሬም አንድ ነገር መጻፍ ይፈለጋል፤ ከልጁ ስም ሌላ ምን ይሁን?

---

መዞሪያ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:05

ዕቅዱ ልክ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ይቀየር። ያደረ ክሬም እንዳለ አይቀባም። ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ማለዳ አውጪው፤ 2 ሰዓት ውጭ ይቆይ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ በእጅ በስፓቱላ 1 ደቂቃ የሳህኑ ግድግዳ ላይ እየደፈጠጥሽ አለስልሺው። በሚክሰር ከመታሽው አየር ይገባና ትናንት የጠቆረው ዛሬ ይነጣል። የተቆራረጠ ከመሰለ ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ አንድ ማንኪያውን አሙቀሽ መልሺበት።

መብራት ከሄደ ፍሪጁን አትክፈቺ። ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ቀለሙም ኬኩም ምንም አይሆኑም።

---

ኮከብ_ቆጣሪ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:40

ለሰሌዳው፦ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመጠቀችበትን ቀን ጻፊለት፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.። ከቻይና የተነሳች፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ናት። ሳተርን ከሚያስደስተው ልጅ ጋር ይህም ይሄዳል።

---

የቅቤ_እጅ · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:15

አቆራረጡን ሳንነግርሽ እንዳይቀር። ፕላኔቶቹን መጀመሪያ ከነስትሮአቸው አንሺ። ረጅም ቢላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አድርቂ፣ ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች ቁረጪና ወደ ላይ ሳትመልሺ ከታች ወደ ራስሽ ጎትተሽ አውጪው፤ ወደ ላይ ካወጣሽው ጥቁሩ በነጩ መሃል ይሰመራል። ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ጥረጊው። ልብስና ጥርስ ላይ የሚቀረው ጥቁሩ ስለሆነ ለትንንሾቹ ልጆች ሮዝና ቱርኩዋዝ ከበዛበት ጎን ጀምሪ፣ እርጥብ ፎጣም ከሳህኑ ጋር ይቅረብ።